ያልተነገረው ግምት፦ የገመድ አልባ ተንቀሳቃሽ ሥርዓቶች ሒሳባዊ ሞዴሎች ዳሰሳ

በመኪና እየሄደ በሞባይል የሚያወራ ሰው ከአንዱ ጣቢያ ክልል ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ ንግግሩ እንዳይቋረጥ አራት ወገኖች በቅጽበት መግባባት አለባቸው፦ ስልኩ፣ የሚለቀው ጣቢያ፣ የሚቀበለው ጣቢያ እና ሁለቱን የሚያዘው መቆጣጠሪያ። መቆጣጠሪያው በአሮጌው ጣቢያ በኩል ለስልኩ አዲስ ቻናል ይሰጠዋል፤ ስልኩ የያዘውን ትቶ ወደተሰጠው ይዞራል፤ አዲሱ ጣቢያ የስልኩን መድረስ ያስታውቃል፤ ያኔ አሮጌው ቻናል ለሌላ ደንበኛ ነፃ ይሆናል። ሁሉም እንደታሰበው ከሄደ ነገሩ ቀላል ነው። ትእዛዙ አየር ላይ ቢጠፋስ? ስልኩ አዲሱን ጣቢያ አጥቶ ወደ አሮጌው ሲመለስ ቻናሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቢያገኘውስ? እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለመጨረስ የሰው ትዕግሥትም የሙከራ ጊዜም አይበቃም። የገመድ አልባ ተንቀሳቃሽ ሥርዓቶች ሒሳባዊ ሞዴል የሚባለው የምርምር ዘርፍ የተነሳው ለዚህ ነው። ሥርዓቱ ሊገኝባቸው የሚችሉትን ሁኔታዎች፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበትን ሕግ እና ፈጽሞ ሊጣስ የማይገባውን ጠባይ በማያሻማ ሒሳባዊ ቋንቋ ይጽፋል፤ ከዚያም ጠባዩ በየትኛውም አካሄድ እንደማይጣስ በኮምፒውተር ፍተሻ ወይም በሒሳባዊ ማረጋገጫ ያሳያል።

ይህ ዘርፍ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስለ ዋጋው ግን ዛሬም ክርክሩ አልበረደም። ደጋፊዎቹ "ስህተት አልባ መሆኑ ተረጋገጠ" ማለት ይወዳሉ። ተቺዎቹ ደግሞ ተረጋገጡ የተባሉ ፕሮቶኮሎች ቆይተው ሲሰበሩ አይተናል ይላሉ። እኔ እንደማየው ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር ስተውታል። የሒሳባዊ ሞዴል ትልቁ ጥቅም የመጨረሻው "ተረጋገጠ" የሚለው ማኅተም ላይ አይገኝም። ጥቅሙ የደረጃ ሰነድ ጸሐፊዎች ሳይናገሩ ያለፉትን ግምት በግድ እንዲነገር ማድረጉ ነው። አየሩ መልእክት ያጠፋል ወይስ አያጠፋም? መሣሪያው ጠፍቶ ሲነሳ ምን ያስታውሳል? ሰዓት ይቆጥራል ወይስ አይቆጥርም? በፕሮግራምም ሆነ በማረጋገጫ ላይ የደረሱትን ትልልቅ ውድቀቶች መርምሮ ላየ ሰው፣ አብዛኞቹ የተደበቁት እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ባልተመለሰበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ስለ እንቅስቃሴ የሚሉት ነገር አልነበራቸውም። ካርል አዳም ፔትሪ በ1962 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቀረበው የመረብ ሞዴል፣ ቶኒ ሆር በ1978፣ ሮቢን ሚልነርም በ1980 ያወጧቸው ቋንቋዎች ጎን ለጎን የሚሠሩ ሂደቶች እንዴት እንደሚነጋገሩ ግሩም አድርገው ይገልጻሉ፤ ነገር ግን ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ከመነሻው ተወስኖ ያልቃል። ሚልነር፣ ዮአኪም ፓሮው እና ዴቪድ ዎከር በ1992 ያሳተሙት ፓይ ካልኩለስ ይህን በአንድ ሐሳብ ለወጠው፦ በመልእክት ውስጥ የቻናል ስም መላክ ይቻላል፤ ስሙን የተቀበለ ሂደት ከዚያ በኋላ በዚያ ቻናል ይነጋገራል። ከላይ ያየነው የመኪና ስልክ ታሪክ ከዚህ ቋንቋ ጋር ልክ ይገጥማል፤ መቆጣጠሪያው የሚልከው የቻናል ስም ነውና። ፍሬድሪክ ኦራቫ እና ፓሮው በዚያው ዓመት የሞባይል ኔትወርክ ርክክብን በዚህ ቋንቋ ጽፈው፣ በውስጡ ያለው ግርግር ሁሉ ለውጭ ተመልካች እንደማይታይ፣ ማለትም ተጠቃሚው ሥርዓቱን ከማይንቀሳቀስ መስመር ለይቶ እንደማያየው በአልጀብራ አረጋገጡ። ይህ ውጤት ብዙ ጊዜ አይወራለትም፤ ለእኔ ግን ዘርፉ ምን ማድረግ እንደሚችል ቀድሞ ያሳየ ሥራ ነው።

ፓይ ካልኩለስ የሚያውቀው እንቅስቃሴ የግንኙነት መቀያየር ብቻ ነው፤ ቦታ የሚባል ነገር የለውም። ሉካ ካርዴሊ እና አንድሪው ጎርደን በ1998 ያመጡት የአምቢየንት ካልኩለስ ቦታን ከነድንበሩ አስገባ፦ አንድ ሂደት ወደ አንድ ክልል ለመግባትም ሆነ ከውስጡ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ግሩያ ካታሊን ሮማን እና ባልደረቦቹ በበኩላቸው ሞባይል ዩኒቲ በተባለው አሠራር ቦታን እንደ ማንኛውም ተለዋዋጭ ቆጥረው፣ ሁለት መሣሪያዎች ሲቀራረቡ ብቻ መረጃ እንዲጋሩ የሚያደርግ ሎጂክ ሠሩ። ሚልነር ራሱ በ2009 ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ ግንኙነትን እና ቦታን በአንድ ሥዕል ለማዋሃድ ሞክሯል። እነዚህ ሁሉ ስለ መንቀሳቀስ ብዙ ያስተምራሉ። ስለ አየሩ የሚሉት ግን ጥቂት ነው።

አየሩ ደግሞ ከሽቦ የተለየ ፍጥረት ነው። በፓይ ካልኩለስ አንድ መልእክት አንድ ተቀባይ አለው፤ ላኪውም ተቀባዩ እስኪዘጋጅ ይጠብቃል። ሬዲዮ ግን በክልሉ ውስጥ ላለ ሁሉ አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ማን እንደሰማው ላኪው አያውቅም፤ ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ከተናገሩ የሁለቱም መልእክት ይበላሻል። በሃዋይ የተሠራው የአሎሃ ኔትወርክ ይህን ከጅምሩ አሳይቷል፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ባሻው ሰዓት ከላከ ከቻናሉ አቅም ቢበዛ 18 በመቶ ያህሉ ብቻ ጥቅም ላይ ይውላል። ቶባጊ እና ክላይንሮክ በ1975 የገለጹት የድብቅ ጣቢያ ችግርም ከዚሁ ይመጣል፤ መካከል ላይ ያለው ሁለቱንም ይሰማል፣ ዳርና ዳር ያሉት ግን አንዱ ሌላውን አይሰማም። ይህን በነጠላ ተቀባይ ቋንቋ አስመስሎ መጻፍ አይቻልምን? ለሚል ጠያቂ ክርስቲያን ኤኔ እና ትራያን ሙንቴያን በ1999 መልሰዋል፤ ስርጭትን ወደ ነጠላ ንግግር ጠባዩን በሚጠብቅ ወጥ አተረጓጎም መመለስ እንደማይቻል አረጋግጠዋል። ስለዚህ ስርጭትን ከመሠረቱ የያዙ ቋንቋዎች አስፈለጉ። የፕራሳድ የስርጭት ካልኩለስ መንገዱን ከፈተ፤ ከ2006 ወዲህ ደግሞ ስርጭቱን ለጎረቤት ብቻ የሚወስኑ፣ ጎረቤትነቱንም ከሂደቱ ሥራ ለይተው የሚያስቀምጡ ቋንቋዎች ተከታተሉ። ይህ መለየት ትልቅ እርምጃ ይመስለኛል፤ መሣሪያው የሚያደርገው ሌላ፣ ተፈጥሮ የሚያደርገው ሌላ ሆኖ ይጻፋልና።

እዚህ ላይ አንድ ፕሮቶኮል ጠጋ ብለን ብንመረምር ነገሩ ይጠራል። ኤኦዲቪ ቋሚ ጣቢያ በሌለበት መሣሪያዎች እርስ በርስ እየተቀባበሉ መረጃ የሚያስተላልፉበት ፕሮቶኮል ነው፤ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 3561 በተባለ የኢንተርኔት ሰነድ ታትሟል። መንገድ የፈለገ መሣሪያ ጥያቄውን ለጎረቤቶቹ ይበትናል፤ እነሱም ለጎረቤቶቻቸው፤ መልሱ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። መንገዱ ትኩስ ይሁን ያረጀ የሚለየው በተራ ቁጥር ነው፤ ትልቅ ቁጥር ያለው ዜና ትንሹን ይሽራል። ዓላማው አዙሪት እንዳይፈጠር፣ ማለትም አንድ ፓኬት በሁለት ወይም በሦስት መሣሪያዎች መካከል እየዞረ እንዳይቀር ነው። ተራ ቁጥር ካለ አዙሪት የለም የሚለው እምነት ለዓመታት እንደ ሐቅ ተወስዷል። ይሁን እንጂ ባርጋቫን፣ ኦብራዶቪች እና ገንተር በ2002 ባሳተሙት ጥናት የፕሮቶኮሉን ረቂቅ በስፒን እና በሆል የፍተሻና የማረጋገጫ መሣሪያዎች ሲመረምሩ አዙሪት አገኙ። ጊዜው ያለፈ መንገድ ከሠንጠረዥ ቢሰረዝ ወይም አንድ መሣሪያ ጠፍቶ ቢነሳና የያዘውን ቁጥር ቢረሳ፣ አሮጌ ዜና እንደ አዲስ ተመልሶ ይገባል። ረቂቁ ስለነዚህ ሁኔታዎች በቂ ነገር አላለም ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ አውስትራሊያ ውስጥ እነ ሮብ ቫን ግላቤክ፣ ፒተር ሆፍነር እና አንስጋር ፌንከር ኤደብልዩኤን በተባለ ቋንቋ ሙሉውን ፕሮቶኮል ሲጽፉት ሰነዱ በብዙ ቦታ አሻሚ፣ በአንዳንዱም እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖ አገኙት። በቅን ልቦና ያነበቡት መሐንዲሶች በአንዱ ንባብ አዙሪት የሌለው፣ በሌላው አዙሪት ያለው ፕሮግራም ሊጽፉ ይችላሉ፤ በ2013 ያወጡት ጽሑፍ በሥራ ላይ ካሉ ፕሮግራሞች መካከል አዙሪት የሚፈጥሩ እንዳሉ አሳይቷል። ሰነዱን በጥንቃቄ ከተረጎሙት በኋላ አዙሪት እንደሌለ አረጋገጡ፤ ማረጋገጫውም በ2014 በኢዛቤል የማረጋገጫ መሣሪያ ተፈትሾ አለፈ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ የሚል ነበር። ግን ያ ሞዴል ጊዜ አልነበረውም። በ2016 ራሳቸው ቫን ግላቤክ እና ሆፍነር ከኤሚል ብሬስ ጋር ሆነው ሰዓትን ወደ ቋንቋው ሲያስገቡ አዙሪቱ ተመልሶ መጣ፤ መንገድ ያለጊዜው ሲያረጅ ይፈጠራል። እርማቱንም አብረው አቀረቡ። የ2014ቱ ማረጋገጫ አልተሳሳተም፤ ጊዜ የሌለበትን ዓለም በትክክል ገልጿል። እኛ የምንኖረው ግን ጊዜ ባለበት ዓለም ነው፤ ይህን ልዩነት በአንድ መስመር ለይቶ ማሳየት የተቻለው ሞዴሉ ግምቱን በግልጽ ስለጻፈ ነው።

የጊዜና የዕድል ጉዳይ የራሱ መሣሪያዎች አሉት። አሉር እና ዲል በ1994 ያሳተሙት ሰዓት ያላቸው አውቶማታ ንድፈ ሐሳብ አፓል ለተባለው የስዊድንና የዴንማርክ መሣሪያ መሠረት ሆነ። በእሱ ለሴንሰር ኔትወርክ የተሠራ ኤልማክ የሚባል ፕሮቶኮል በአራትና በአምስት መሣሪያዎች ሊሠሩ በሚችሉ የተያያዙ አሰላለፎች ሁሉ ላይ ተፈትሿል፤ አንዳንዶቹ አሰላለፎች ላይ ፕሮቶኮሉ የማይደርስበት፣ ያልተፈታ ግጭት ተገኝቷል። ዕድልን በተመለከተ ማርታ ክውያትኮውስካ እና ባልደረቦቿ የሠሩት ፕሪዝም ግንባር ቀደም ነው። የብሉቱዝ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚፈላለጉት በ32 ድግግሞሾች ላይ እየዘለሉ ነው፤ ሁለቱም መቼ የት እንደሚገኙ አስቀድሞ አይታወቅም። ተመራማሪዎቹ ከ17 ቢሊዮን የሚበልጡ የመነሻ ሁኔታዎችን ሁሉ መርምረው፣ በከፋው መነሻ እንኳ የመጀመሪያው መልስ እስኪመጣ በአማካይ ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል እንደሚፈጅ አሰሉ። በሙከራ የሚገኝ አማካይ የተሞከሩትን ብቻ ይናገራል። ይህኛው የከፋውን ያውቃል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል፦ ሲሙሌሽን እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሲሙሌሽን ለአቅምና ለፍጥነት ጥያቄዎች አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከሒሳባዊ ሞዴል ያነሰ ግምት አይዝም፤ ግምቱን የሚደብቅበት ቦታ ብቻ ይለያል። በዳርትመዝ ኮሌጅ እነ ዴቪድ ኮትዝ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደዘረዘሩት፣ የገመድ አልባ ጥናቶች በብዛት መሬቱ ሜዳ ነው፣ የሬዲዮው ክልል ክብ ነው፣ የሁሉም ሬዲዮ ርቀት እኩል ነው፣ ከሰማሁህ ትሰማኛለህ፣ ከሰማሁህም ጥርት አድርጌ እሰማሃለሁ፣ የሞገዱ ጉልበት በርቀት ብቻ ይወሰናል እያሉ ይነሱ ነበር። በሜዳ የተለካው ውጤት አንዳቸውንም አልደገፈም። የተጠቃሚ እንቅስቃሴን ለማስመሰል ለዓመታት የተሠራበት "የዘፈቀደ መዳረሻ" ሞዴልም ተመሳሳይ ጉድለት ወጣበት። ዮን፣ ሊው እና ኖብል በ2003 እንዳሳዩት ዝቅተኛው ፍጥነት ዜሮ ሊሆን ከተፈቀደለት የመሣሪያዎቹ አማካይ ፍጥነት ሲሙሌሽኑ በቆየ ቁጥር እየወረደ ይሄዳል፤ በጣም በዝግታ ረጅም መንገድ የጀመሩት ሳይደርሱ ይከማቻሉና። ስለ ፈጣን እንቅስቃሴ ተጻፉ የተባሉ ውጤቶች ከጊዜ በኋላ ስለ ቆመ ኔትወርክ ይናገሩ ነበር ማለት ነው። ከ2000 እስከ 2005 በሞቢሆክ የገመድ አልባ ኔትወርክ ጉባኤ የቀረቡትን ጽሑፎች የመረመረ ሌላ ጥናት ደግሞ ሊደገሙ የሚችሉት ሲሙሌሽኖች ከ15 በመቶ ያነሱ መሆናቸውን ዘግቧል። የሐሰት ግምት በኮድ ውስጥ ሲቀበር ማንም አይከራከረውም፤ በሒሳብ ሲጻፍ ግን ለማንም የተጋለጠ ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የዋይፋይ ታሪክ ነው። በ2004 የጸደቀው የዋይፋይ ደኅንነት ደረጃ ስልክና ራውተር በአራት መልእክት ቁልፍ የሚለዋወጡበትን ሥርዓት ይዟል። በ2005 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የልውውጡን ደኅንነት በሒሳብ አረጋገጡ። በ2017 ማቲ ቫንሁፍ እና ፍራንክ ፒሰንስ ክራክ ብለው የሰየሙትን ጥቃት አወጡ፤ ጥቃቱም ደረጃውን በትክክል የሚከተሉ መሣሪያዎችን ሁሉ የሚነካ ነበር። አሠራሩ ይህ ነው። ስልኩ ሦስተኛውን መልእክት ሲቀበል ቁልፉን ሥራ ላይ ያውላል፣ አራተኛውን መልእክት ይልካል። አራተኛው መልእክት አየር ላይ ከጠፋ ራውተሩ ሦስተኛውን ይደግማል፤ ደረጃው ይህን እንዲያደርግ ያዘዋል። ስልኩም ያንኑ ቁልፍ እንደገና ሲያስገባ የፓኬት ቆጣሪው ወደ መነሻው ይመለሳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያገለግል የሚገባው ምስጠራ ይደገማል። አጥቂው አራተኛውን መልእክት ማስቀረት ብቻ ይበቃዋል። በአንዳንድ የአንድሮይድ 6 ስልኮች ላይ ነገሩ ከዚህም ብሶ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ይሆን ነበር።

ታዲያ የ2005ቱ ማረጋገጫ ምን ዋጋ ነበረው? ተቺዎቹ "ምንም" ይላሉ። ጥቃቱን ያገኙት ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው ግን ማረጋገጫው የተናገረው ጠባይ አለመጣሱን ጽፈዋል፤ ቁልፉ ምስጢር ሆኖ ቆይቷል፣ ሁለቱ ወገኖችም ተዋውቀዋል። ሞዴሉ ያልተናገረው ቁልፉ መቼና ስንት ጊዜ ሥራ ላይ እንደሚውል ነው። ይህ ጉድለት የሒሳቡ ሳይሆን የአየሩ ነው፤ ሞዴሉ መልእክት ሲጠፋ የሚከተለው ድግግሞሽ በቆጣሪው ላይ የሚያደርሰውን አልጠየቀም። ክሬመርስ እና ባልደረቦቹ በ2020 በታማሪን መሣሪያ ድግግሞሹን፣ ቆጣሪውን እና ምስጠራውን አንድ ላይ የያዘ ሞዴል ሠርተው የተስተካከለው ሥርዓት እንደሚቋቋም አሳይተዋል። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ማረጋገጫ ሲታተም ያልነካቸው ነገሮች ከማረጋገጫው እኩል በጉልህ መጻፍ እንዳለባቸው ነው። በዚህ ረገድ የዘርፉን ሰዎች አጥብቄ እወቅሳለሁ፤ የጽሑፎቻቸው ርእስ ከማረጋገጫቸው የበለጠ ቃል ይገባል።

በሞባይል ኔትወርኮች ላይ የተደረጉት ሥራዎች ይህን ያጠናክራሉ። በ2018 ኤልቲኢኢንስፔክተር የተባለው ጥናት የአራተኛውን ትውልድ ሰነድ ወደ ሞዴል ለውጦ አሥር አዳዲስ ጥቃቶችን አገኘ፤ ስምንቱን በእውነተኛ መሣሪያ ላይ አረጋግጧል። በዚያው ዓመት ዴቪድ ባሲን እና ባልደረቦቹ የ5ጂን የመታወቂያ ልውውጥ በታማሪን መረመሩ። ደረጃው በደንበኛው ኦፕሬተርና ደንበኛው በሚገኝበት ኔትወርክ መካከል የሚሄዱ መልእክቶች ከየትኛው ግንኙነት ጋር እንደሚያያዙ በግልጽ ስላልደነገገ፣ ሁለት ግንኙነቶች አንድ ላይ ሲመጡ የአንዱ ሰው አገልግሎት በሌላው ሒሳብ ሊጻፍ የሚችልበት መንገድ ታየ። ይህ ስህተት የተገኘው 5ጂ በስፋት ከመዘርጋቱ በፊት ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ በሰነድ ላይ መጨመርና በሚሊዮኖች ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክ ማደስ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከክራክ በኋላ ያልታደሱት መሣሪያዎች ያስታውሱናል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የአቅም ነው፤ በከፊልም እውነት ነው። አምስት መሣሪያዎች ማን ማንን ይሰማል በሚል ብቻ 1,024 ዓይነት አሰላለፍ አላቸው፤ አሥር ሲሆኑ ቁጥሩ ከ35 ትሪሊዮን ይበልጣል፤ ይህም ሁሉ እንቅስቃሴው ሳይጀመር፣ ከሰማሁህ ትሰማኛለህ ብለን ነው። ኮምፒውተር እየቆጠረ አይጨርሰውም። ስለዚህ የፍተሻ መሣሪያዎች ስለ ትንሽ ኔትወርክ ብቻ ይናገራሉ፤ ለማንኛውም ብዛት የሚሆን ማረጋገጫ እንደ ኤኦዲቪው የሰው ልፋት ይጠይቃል፤ ልፋቱም የዓመታት ነው። ግን ስህተት በአብዛኛው ትልቅነት አይፈልግም። የኤኦዲቪ አዙሪት በጥቂት መሣሪያዎች፣ ክራክ በአንድ ስልክና በአንድ ራውተር፣ የ5ጂው መደናገር በሁለት ግንኙነቶች ይታያል። መሐንዲሶች ሒሳቡን አያነቡም የሚለውን ግን አልቀበልም። ሚልነር ያስተማረበትን ምልክት ሁሉ ማወቅ አይጠበቅባቸውም፤ ኤደብልዩኤን ሆን ተብሎ የፕሮግራም መልክ እንዲኖረው የተሠራው ለዚህ ነው።

የደረጃ ድርጅቶች ከሰነዱ ጎን ማሽን የሚያነበውን ሞዴል እና የግምቶቹን ዝርዝር አብረው እንዲያትሙ የምንጠይቅበት ጊዜ ነው። ይህ ጥያቄ እኛንም ይመለከተናል። ቴሌብር በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በኢትዮጵያ በሞባይል ኔትወርክ የሚሄደው ንግግር ብቻ አይደለም፤ የሰው ገንዘብም ነው፤ የሚሄድበት ደረጃም ሌላ ቦታ ተጽፎ የመጣ ነው። ደግነቱ ይህ ምርምር ውድ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። የሞባይል ኔትወርክ ሰነዶች በነፃ ይወርዳሉ፤ ስፒን፣ ፕሪዝም እና ታማሪን በነፃ ይገኛሉ፤ አፓልም ለትምህርት ክፍያ የለውም። አንድ ተራ ላፕቶፕና ሰነድ በትዕግሥት የሚያነብ ተማሪ ይበቃል። የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ሌላ አንድ ሲሙሌሽን ከመጨመር፣ ተማሪዎቻቸው ሥራ ላይ ካለ ፕሮቶኮል አንዱን ምዕራፍ ወስደው ያልተነገረውን ግምት እንዲጽፉና እንዲፈትሹ ቢያደርጉ፣ ውጤቱ ለሀገርም ለዓለምም የሚጠቅም ይሆናል፤ ይህን የሚጀምር መምህር ከመጪው ዓመት ሳያልፍ እንዲጀምረው አደራ እላለሁ።